የቤቱ ውሎ እንደ ልምምድ፦ የእንቅስቃሴ ችግር ላለባቸው ሕፃናት በቤት ውስጥ የሚደረግ ፊዚዮቴራፒና የመምህሩ ድርሻ

መግቢያ

የምዝገባ ወቅት በደረሰ ቁጥር በብዙ ትምህርት ቤቶች ቅጥር ግቢ አንድ ዓይነት ሁኔታ ያጋጥማል። አንዲት እናት ሰባት ዓመት የሞላውን ልጇን በጀርባዋ አዝላ ከመዝጋቢው ጠረጴዛ ፊት ትቆማለች። ልጁ የሚነገረውን ይሰማል፤ ለሚጠየቀውም መልስ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሳይደገፍ መቀመጥ አይችልም። መዝጋቢው መምህርም «ታዲያ የት ይቀመጣል?» ሲል ይጠይቃል።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጉድለቱ ዘግይቶ የቀረበ መሆኑ ነው። የልጁ አካል ሊደርስበት የሚችለው ደረጃ በአብዛኛው በጉዳቱ ክብደት የሚወሰን መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ጉዳቱ ከፈቀደው ችሎታ ውስጥ ምን ያህሉ በሥራ ላይ እንደሚውል የሚወስነው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ልጁ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በቤቱ ውስጥ እንዴት እንደ ታዘለ፣ እንዴት እንደ ተመገበ፣ እንዴት እንደ ተጫወተና የቀኑን ሰዓታት በምን አኳኋን እንዳሳለፈ ነው። ከዚህም የተነሣ የእንቅስቃሴ ችግር ላለበት ሕፃን የትምህርት ቤት በር የሚከፈተው ወይም የሚዘጋው ምዝገባው ከመድረሱ አስቀድሞ ነው ለማለት ይቻላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቤት ውስጥ የሚደረግ ፊዚዮቴራፒ ምን እንደሆነ፣ የትኛው አሠራር ውጤት እንደሚሰጥና የትኛው ድካም ብቻ እንደሆነ፣ መምህሩና የትምህርት ዕቅድ አውጪውም በዚህ ረገድ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ማስረዳት ነው።

የችግሩ ዓይነቶች

የእንቅስቃሴ ችግር የሚለው ስያሜ ብዙ ነገሮችን ያጠቃልላል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ልምምድ ማዘዝ ስሕተት ስለሆነ መምህሩ ዋና ዋናዎቹን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል። ይህ ችግር በእርግዝና ጊዜ፣ በወሊድ ወቅት ወይም በሕፃንነት ዕድሜ፣ ገና በማደግ ላይ ባለው አንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት ምክንያት የሚመጣ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1861 ከአስቸጋሪ ወሊድ ጋር አያይዞ በሰፊው ገልጾታል። የአንጎሉ ጉዳት በራሱ እየባሰ የሚሄድ አይደለም፤ ይሁን እንጂ የጡንቻው መወጠርና የመገጣጠሚያው መጨማደድ በአያያዝ ጉድለት ከዓመት ወደ ዓመት ሊብስ ይችላል። በአንዳንዱ ልጅ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፤ በአንዳንዱ ግማሽ አካሉ ብቻ ይወጠራል፤ በሌላው ደግሞ እጅና እግሩ ያለ ፈቃዱ ይወራጫል። በንግግሩ መንተባተብ ምክንያት የልጁ አእምሮ ዝግ ነው ብሎ መገመት የተለመደ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ልጁ ይዞት የሚወለደው ቆልማማ እግር ነው። ሦስተኛው የኅብለ ሰረሰር አጥንት ሳይገጥም በመቅረቱ የሚደርሰው፣ ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው ጉዳት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የእግርን ጉልበትና የቆዳን ስሜት ያጠፋል። ቀድሞ በኢትዮጵያ ከሁሉ በላይ ይታወቅ የነበረው ፖሊዮ ነው። በመናገሻ የሚገኘው የቼሻየር ማእከል እ.ኤ.አ. በ1962 ሲቋቋም በዋናነት የተነሣው በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን ለመርዳት ነበር። በክትባት ኃይል የአፍሪካ አካባቢ ከተፈጥሮአዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኑ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ተረጋግጧል። በመሆኑም ዛሬ መምህሩ በይበልጥ የሚያጋጥመው በሴሬብራል ፓልሲ የተጎዳ ልጅ ስለሆነ የዚህ ጽሑፍ ዋና ትኩረት በዚሁ ላይ ነው።

የጊዜ ጉዳይ

በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 በሴሬብራል ፓልሲ የተጎዱ ልጆችን እንቅስቃሴ በአምስት ደረጃ የሚለይ መመዘኛ አወጡ። በአንደኛው ደረጃ የሚገኘው ልጅ ያለ ድጋፍ ይራመዳል፤ ይሮጣልም፤ የሚቸግረው ፍጥነትና ሚዛን ብቻ ነው። በሦስተኛው ደረጃ ያለው ምርኩዝ ወይም መደገፊያ ይዞ ይራመዳል። በአምስተኛው ደረጃ ያለው ደግሞ ራሱን ቀና አድርጎ ለመያዝ እንኳ ይቸገራል፤ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄደውም በሰው ርዳታ ነው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በኦንታሪዮ የሚኖሩ 657 ልጆችን ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ውጤት ለትምህርት ሰዎች ልዩ ትርጉም አለው። በአንደኛው ደረጃ የሚገኙ ልጆች ሊደርሱበት ከሚችሉት የእንቅስቃሴ ችሎታ 90 በመቶውን የሚያገኙት በአማካይ በ4.8 ዓመት ዕድሜ ሲሆን፣ በአምስተኛው ደረጃ ያሉት ደግሞ በ2.7 ዓመት ዕድሜ ነው። ይህ ግኝት የአንደኛ ክፍል መግቢያ ከሆነው የ7 ዓመት ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር፣ መሠረታዊው እንቅስቃሴ በፍጥነት የሚያድግበት ዘመን ልጁ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ከመድረሱ በፊት ያለቀ መሆኑን ያሳያል።

ይህ ማለት ግን ከዚያ በኋላ የሚደረገው ጥረት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የሰባትና የዐሥር ዓመት ልጅም በእጁ መሥራትን፣ ከወንበር መነሣትን፣ ልብሱን መልበስን ይማራል፤ ያገኘውንም ችሎታ እንዳያጣ ልምምድ ያስፈልገዋል። መረዳት የሚገባው፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ምትክ የሌላቸው መሆናቸውንና እነዚህንም ዓመታት ሕፃኑ የሚያሳልፈው በቤቱ መሆኑን ነው።

የሚጠቅመውና የማይጠቅመው

ብዙ ወላጆች ፊዚዮቴራፒ ሲባል የሚታያቸው ሕፃኑን አጋድሞ እግሩን መሳብና ማጠፍ ነው። ልጁ እየጮኸ እናቲቱ ትጎትታለች፤ ሁለቱም ይደክማሉ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሥራው ይተዋል። በዚህም ምክንያት እናቲቱ ራሷን እንደ ጥፋተኛ ትቆጥራለች።

የኋለኞቹ ዓመታት ጥናት ግን ጉድለቱን በእናቲቱ ላይ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማ፣ የነርቭና የአንጎል ጉዳት ባላቸው ሰዎች ላይ እስከ ሰባት ወር ለሚደርስ ጊዜ የተደረገ ጡንቻን የመሳብ ሕክምና በመገጣጠሚያው እንቅስቃሴ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላመጣ አረጋግጧል። ውጤት የሚገኘው ልጁ ራሱ የሚፈልገውን ነገር ለማድረግ እየሞከረ፣ ያንኑ ሥራ በሚሠራበት ቦታና በእውነተኛው ዕቃ ደጋግሞ ሲለማመድ ነው። በአጭሩ መቀመጥን የሚያስተምረው መቀመጥ ነው፤ ከበርጩማ መነሣትንም የሚያስተምረው ከበርጩማ መነሣት ነው። መምህራን ይህን መርሕ ከሙያቸው ያውቁታል፤ ሌላ ሰው እጁን ይዞ ስለጻፈለት ብቻ መጻፍ የቻለ ተማሪ የለምና።

የጊዜው መጠንም ሊያስፈራ አይገባም። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት፣ በሴሬብራል ፓልሲ የተጎዱ 36 ልጆች ተካፍለው ነበር። የቤት ውስጥ ልምምዱን ስምንት ሳምንት የሠሩት ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ ግልጽ መሻሻል አሳይተዋል። ቤተሰቦቹ ልምምዱን ያሠሩት በወር በአማካይ 17.5 ጊዜ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ የወሰደባቸው በአማካይ 16.5 ደቂቃ ብቻ ነበር። ምስጢሩ የሰዓቱ ብዛት አልነበረም፤ ግቡን ልጁና ወላጆቹ ራሳቸው መምረጣቸው፣ ባለሙያውም አሠራሩን አሳይቶ በየጊዜው መከታተሉ ነበር።

ከዚህ ጋር ስለ ባህላዊው አያያዝ አንድ ነገር መባል አለበት። ሕፃንን በቅቤ ማሸት የእናትና የልጅን ፍቅር ያጠነክራል፤ በለስላሳ እጅ እስከ ተደረገ ድረስም ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን ልጁ ራሱ የሚያደርገውን ልምምድ አይተካም። ወጌሻ ዘንድ ወስዶ የተጨማደደን መገጣጠሚያ በኃይል ማስዘርጋት ግን አደገኛ ነው። ቆሞ የማያውቅ ልጅ አጥንቱ የሳሳ ስለሆነ በቀላሉ ይሰበራል። ቤተሰቡ ወደ ጠበል የሚሄድ ከሆነም መምህሩ እምነታቸውን አክብሮ፣ በዚያ በሚቆዩበት ጊዜ ልጁ ቀኑን ሙሉ ተጋድሞ እንዳይውል ቢያሳስባቸው ሁለቱ ነገሮች አይጋጩም።

ከማለዳ እስከ ማታ

የቤት ውስጥ ፊዚዮቴራፒ ዋና ብልሃት በእናቲቱ ላይ አዲስ ሥራ መጨመር አይደለም፤ አስቀድሞ የሚሠራውን የቤት ሥራ አኳኋኑን ለውጦ ልምምድ ማድረግ ነው። ውኃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትለቅም፣ እንጀራ የምትጋግርና ሌሎች ልጆችን የምታሳድግ እናት የተለየ የልምምድ ሰዓት አይተርፋትም። ልጁን ማንሣት፣ ማልበስና ማብላት ግን የማይቀሩ ሥራዎች ናቸው።

ከመኝታ ማንሣት፦ ሰውነቱ የሚወጠር ልጅ በጀርባው እንደ ተጋደመ በክንዱ ተስቦ ቢነሣ ይበልጥ ይገተራል። ይልቁንም ዳሌውንና ጉልበቱን በቀስታ አጥፎ ወደ ጎን ማዞር፣ ከዚያም በክርኑ ተደግፎ ራሱን እንዲያነሣ ጥቂት ጊዜ መጠበቅ ያስፈልጋል። ያች የመጠበቂያ ጊዜ ራሷ ልምምድ ናት።

ማልበስ፦ ይበልጥ የተጎዳው እጅ አስቀድሞ ወደ እጅጌው ይገባል፤ ልብሱ ሲወልቅም መጨረሻ ይወጣል። የተጠላለፉ እግሮችን ለማለያየት ቁርጭምጭሚትን ይዞ መጎተት ውጥረቱን ያባብሰዋል። እግሮቹን ከጭኑ ላይ፣ ለዳሌው ቀረብ አድርጎ ይዞ በዝግታ መክፈት ይሻላል።

ማዘል፦ አንቀልባ በብዙ መልኩ የተመሰገነ መሣሪያ ነው፤ የልጁን እግሮች በእናቲቱ ወገብ ግራና ቀኝ ከፍቶ ስለሚይዝ እግራቸው ለሚጠላለፍ ልጆች እንደ ሕፃን በክንድ ተጋድመው ከመታቀፍ እጅግ የተሻለ አኳኋን ይሰጣል። ጉዳት የሚያመጣው ልጁ አድጎም ቀኑን ሙሉ ሲታዘል ነው። የታዘለ ልጅ በእግሩ ላይ ክብደት አያሳርፍም፤ በእጁም ምንም አይነካም። ስለዚህ አንቀልባው ለመንገድ ይሁን፤ ቤት ሲደረስ ልጁ ይውረድ።

መመገብ፦ ልጁ ተጋድሞ ወይም ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ቢመገብ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቀና ብሎ፣ አገጩን ጥቂት ወደ ፊት ዝቅ አድርጎ መቀመጥ አለበት። የሚያበላው ሰው ቆሞ ከላይ ሳይሆን ከፊቱ፣ በዓይኑ ትክክል ሆኖ ይቀመጥ። በዚህ ረገድ ጉርሻን በሚመለከት ለቤተሰቡ በጥንቃቄ ማስረዳት ያስፈልጋል። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ በየዕለቱ በየጉርሻው የሚጎርስ ልጅ ግን እጁን ወደ አፉ የሚወስድበት አጋጣሚ ያጣል። የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ጉርሻዎች ልጁ ራሱ እንዲሞክር፣ ሲደክም ሌላው እንዲያጎርሰው ቢደረግ ፍቅሩም ልምምዱም ይጠበቃል።

ጨዋታና የቡና ሰዓት፦ ማንኛውም ልጅ በአንድ አኳኋን ለረጅም ጊዜ መቆየት የለበትም። ሰዓት በሌለበት ቤት የቡናው ሥርዓት ራሱ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ያህል አቦሉ እስኪጠጣ ልጁ በበርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ በቶናው ጊዜ መደቡን ተደግፎ ይቆማል፤ በበረካው ደግሞ በደረቱ ተኝቶ፣ ከደረቱ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ ተደርጎለት፣ ራሱን ቀና እያደረገ ይጫወታል። ከእሳቱና ከጀበናው መራቁ መዘንጋት የለበትም።

የእጅ ሥራ፦ ምስር መልቀም፣ ባቄላ መፈልፈል፣ ሰፌድ በሁለት እጅ መያዝ፣ ሊጥ መንካት ለእጅ የሚሆኑ የታወቁ ልምምዶች ናቸው። ግማሽ አካሉ የተጎዳ ልጅ ደካማውን እጁን መርሳት ስለሚቀናው ሁለት እጅ የሚጠይቅ ሥራ ሆን ተብሎ ይሰጠው።

መነሣትና መራመድ፦ እግሩ መሬት በሚነካበት በርጩማ ላይ የተቀመጠ ልጅ፣ ተረከዙ መሬት ሳይለቅ፣ ከፊቱ ያለውን ነገር ይዞ ይነሣል፤ እንደገናም ቀስ ብሎ ይቀመጣል። አምስት ጊዜ ከተቻለ በሳምንቱ ሰባት፣ ቆይቶም ዐሥር ይደረጋል። ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ የጭንና የዳሌን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ለወንበር፣ ለመጸዳጃና ለመራመድም መሠረት ነው።

በቤት የሚገኙ መሣሪያዎች

አሜሪካዊው ዴቪድ ወርነር በሜክሲኮ ተራራማ መንደሮች ከአካል ጉዳተኞች ጋር በሠራው ሥራ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመው የገጠር አካል ጉዳተኛ ሕፃናት መመሪያ፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት አብዛኞቹ መሣሪያዎች ከመንደሩ እንጨትና ጨርቅ ሊሠሩ እንደሚችሉ አሳይቷል። በዚምባብዌም ያረጀ ካርቶንን በዱቄት ሙጫ ደራርቦ በማጣበቅ ጠንካራ ወንበር የመሥራት ዘዴ ተስፋፍቶ ወደ ሌሎች አገሮች ተሸጋግሯል።

በኢትዮጵያ ቤትም እንዲሁ ብዙ ነገር አለ። የቤቱ ማዕዘን ጀርባውን ከሁለት ጎን ስለሚደግፍ ገና መቀመጥ ለሚማር ሕፃን የመጀመሪያው ወንበር ነው። በግራና በቀኝ አሸዋ የተሞሉ ትንንሽ ከረጢቶች ቢደረጉ አይወድቅም። ከባሕር ዛፍ የተቆረጡ ሁለት አግዳሚዎች በልጁ ዳሌ ቁመት ትይዩ ሆነው በግቢው ቢተከሉ የመራመጃ መለማመጃ ይሆናሉ፤ ወደ መጸዳጃ በሚወስደው መንገድ ላይ ቢተከሉ ደግሞ ልምምዱ ትርጉም ያገኛል።

ስለ አቀማመጥ አንድ ደንብ ማስታወስ ይበቃል። ዳሌው፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ቀጥ ባለ ማዕዘን ይታጠፉ፤ መቀመጫው ወደ ኋላ ይጠጋ፤ እግሩ አይንጠልጠል። እግሩ መሬት ካልደረሰ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሳንቃ ከሥሩ ይደረግለት። ጠረጴዛው የክርኑን ቁመት ያህል ይሁን። ይህ ደንብ ለቤትም ለክፍልም ያገለግላል።

የጥንቃቄ ነጥቦች

ልምምድ ሊያደክም ይችላል፤ ሊያሳምም ግን አይገባም። ልጁ ካለቀሰ ቆሞ ምክንያቱን መፈለግ ያሻል። በተለይ ዳሌው ሲነካ ወይም እግሩ ሲከፈት የሚያለቅስ ልጅ የዳሌው አጥንት ከቦታው እየለቀቀ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም መታየት አለበት። ሲመገብ ዘወትር የሚያስለውና የሚታነቀው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ እንዲሁም ቀድሞ ይችለው የነበረውን ነገር እየተወ የሚሄድ ልጅ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መላክ ይኖርበታል። የመጨረሻው ምልክት በተለይ ጉዳዩ ሴሬብራል ፓልሲ ላይሆን እንደሚችል ያመለክታል።

ስፓይና ቢፊዳ ያለበት ልጅ በእግሩ ላይ ትኩስም ቀዝቃዛም አይሰማውም። ስለሆነም ከእሳት ዳር ማስቀመጥ ወይም ሙቅ ውኃ መያዣ ማስጠጋት ሳይታወቅ ያቃጥለዋል። የመቀመጫውና የእግሩ ቆዳ በየዕለቱ ይመርመር፤ መቅላት ከታየ ቦታው ከክብደት እስኪድን ይራቅ።

ቆልማማ እግር የተለየ መንገድ አለው። በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ባዘጋጁት ዘዴ እግሩ በየሳምንቱ በሚለወጥ ጀሶ ቀስ በቀስ ይቃናል፤ ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጀሶ ይበቃል፤ በአብዛኞቹም ላይ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይለቀቃል። ቀሪው ሥራ የቤተሰቡ ነው። በብረት የተያያዘው ማቀፊያ ጫማ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም እስከ አራት ዓመት ዕድሜ ገደማ በእንቅልፍ ሰዓት ይደረጋል። የተቃናው እግር ተመልሶ የሚቆለምምበት ዋናው ምክንያት እግሩ ደኅና መስሎ ስለታየ ብቻ ጫማውን መተው ነው።

የመምህሩ ድርሻ

መምህሩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አይደለም፤ እንዲሆንም አይጠበቅበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 አካል ጉዳተኞችን በሚኖሩበት ኅብረተሰብ መካከል ለማሠልጠን ባወጣው መመሪያ ውስጥ ግን ለመምህራን ብቻ የተዘጋጀ ክፍል ማካተቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በገጠር ቀበሌ ውስጥ ልጅ እንዴት እንደሚማር የሚያውቅ፣ ወላጆች የሚያከብሩትና በየዕለቱ የሚገኝ የተማረ ሰው መምህሩ ነውና።

የመጀመሪያው ተግባሩ ማወቅ ነው። በክፍሉ ያሉትን ተማሪዎች «በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ የማይራመድ ታናሽ ልጅ አለ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ በማንኛውም መዝገብ ያልተጻፉ ሕፃናትን ሊያሳውቅ ይችላል። የተደበቁት ልጆች ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች ብዙ ጊዜ ከመምህሩ ፊት ተቀምጠው የሚማሩት ናቸው።

ሁለተኛው ከወላጆች ጋር መነጋገር ነው። ንግግሩ በምክር ሳይሆን በጥያቄ ቢጀመር ይመረጣል። «ልጅዎ ራሱን ችሎ ለማድረግ የሚሞክረው ምንድን ነው? ቢችለውስ ለእርስዎ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳርፍዎ የትኛው ነው?» የሚሉ ጥያቄዎች እናቲቱን ከተመካሪነት ወደ ዕቅድ አውጪነት ያሸጋግራሉ። ከመልሱም አንድ ግብ ብቻ ይመረጣል። ለምሳሌ ያህል አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ቢወሰድ፣ ግቡ «ቤተሰቡ ራት እስኪበላ በበርጩማ ላይ ሳይደገፍ መቀመጥ» ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት አባቱ ከኋላው ሆኖ ዳሌውን ይይዛል፤ ቀጥሎ አንድ እጁን ብቻ ያቀርባል፤ በኋላም ልጁ በራሱ እጅ የመሶቡን ጠርዝ ይይዛል። ታላቅ እኅቱ ስንት ጉርሻ ድረስ እንደ ቆየ ቆጥራ በደብተር ትመዘግባለች። ከስምንት ሳምንት በኋላ ግቡ ይመረመራል፤ ካልተደረሰበት ግቡ ይቀነሳል እንጂ ቤተሰቡ አይወቀስም።

በዚህ ምሳሌ አባትና እኅት የገቡት በአጋጣሚ አይደለም። ሸክሙ በእናቲቱ ብቻ ላይ የወደቀ ዕቅድ ዕድሜው አጭር ነው።

ሦስተኛው በክፍል ውስጥ ያለው ሥራ ነው። ከላይ በተገለጸው ደንብ መሠረት መቀመጫውን ማስተካከል፣ በየክፍለ ጊዜው መካከል ተማሪው አኳኋኑን እንዲለውጥ መፍቀድ፣ ሰሌዳውን ሲጠርግ ቆሞ እንዲሠራ ማድረግ፣ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ጊዜም ዳር ተቀምጦ የጓደኞቹን ልብስ ከመጠበቅ ይልቅ ኳስ እንዲወረውር ወይም ነጥብ እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። ጽሕፈቱ አዝጋሚ የሆነ ተማሪም መልሱን በቃል ቢሰጥ ዕውቀቱ በትክክል ይመዘናል።

ነገር ግን መምህሩ ተስፋን ከመጠን በላይ መስጠት የለበትም። «ይሄ ልጅ ይራመዳል» ብሎ ቃል መግባት ውሎ አድሮ እምነትን ያፈርሳል። በአምስተኛው ደረጃ ላለ ልጅ ትክክለኛው ግብ ሳይታነቅ መብላት፣ ሳይታመም መቀመጥ፣ በዓይኑ ወይም በጣቱ መምረጥ ሊሆን ይችላል። ተሽከርካሪ ወንበርም ተስፋ የመቁረጥ ምልክት ሳይሆን ልጁን ከክፍል የሚያደርሰው እግር ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። ስምምነቱ በወረቀት ላይ እንዳይቀር ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል።

አንደኛ፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊነት ከምዝገባ በፊት መጀመር አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደየቤቱ የሚሄዱ ስለሆነ፣ በስድስት ወሩ ራሱን ያላቀና ወይም በዓመቱ ያልተቀመጠ ሕፃን ሲያገኙ ለጤና ተቋም ከማሳወቅ ጋር ለቅርቡ ትምህርት ቤትም የሚያስታውቁበት ቀላል ሥርዓት ቢዘረጋ፣ መምህሩ ልጁን የሚያውቀው በሰባት ዓመቱ ሳይሆን በሁለት ዓመቱ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የሚሰጠው የልዩ ፍላጎት ትምህርት በትርጓሜና በዓይነት መዘርዘር ብቻ እንዳይወሰን ያስፈልጋል። ሠልጣኙ አንድን ልጅ በትክክል ማስቀመጥን፣ ከወንበር ማንሣትንና ከአንዲት እናት ጋር አንድ ግብ መምረጥን በእጁ ሠርቶ ሊወጣ ይገባዋል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚሠለጥኑት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ከኮሌጆቹ ጋር ቢገናኙ ጥቂቱ ባለሙያ ብዙ መምህራንን ሊደርስ ይችላል።

ሦስተኛ፣ በቤት የተገኘው ውጤት በትምህርት ቤት ደጃፍ እንዳይጠፋ ግንባታው ይታሰብበት። ከስምንት ሳምንት ልምምድ በኋላ በምርኩዝ መራመድ የጀመረን ልጅ ሦስት የድንጋይ ደረጃዎች ወይም ጠባብ የመጸዳጃ በር ሊመልሱት ይችላሉ።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ ሲታይ ባለሙያው ልጁን የሚያገኘው በወር አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ቤቱ ግን በየዕለቱ ያገኘዋል። ሕፃኑ የሚታዘልበት፣ የሚበላበትና የሚጫወትበት አኳኋን በታሰበበት ጊዜ ሁሉ ቤቱ ማሠልጠኛ ይሆናል፤ ባልታሰበበት ጊዜ ግን በየቀኑ የሚጠፋው ጥቂት ጥቂት ነገር ተጠራቅሞ በምዝገባ ቀን «የት ይቀመጣል?» የሚል ጥያቄ ሆኖ ይመጣል። መምህሩ ያን ጥያቄ አምስት ዓመት አስቀድሞ፣ በልጁ ቤት፣ በመደቡ ላይ ተቀምጦ ቢጠይቀው መልሱን ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ሊሠራው ይችላል።